የመታገሻ ክፍተት፦ ሂስተሪሲስ ለሚባለው ቃል የቀረበ አማርኛ

የጫጩት መፈልፈያ ሣጥን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው የሙቀት መቆጣጠሪያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 37.7። ማራገቢያ ላለው ሣጥን የዶሮ እንቁላል የሚፈልገው ሙቀት ይህን ያህል ስለሆነ ቁጥሩ ትክክል ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለተኛ ቁጥር ግን ፋብሪካው እንደላከው ይተወዋል። መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ቃሉም አያስጠጋም፤ ሂስተሪሲስ ይላል። አንዳንዱ መመሪያ ደግሞ «ልዩነት» ብሎ ያልፋል፣ የምንና የምን ልዩነት እንደሆነ ሳይናገር። መሣሪያው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል በአመዛኙ የሚወስነው ይኸው የተዘለለው ቁጥር ነው።

ነገሩን በአንድ መሣሪያ ላይ ብናየው ይቀላል። ኤስቲሲ-1000 የሚባለው በብዙ አገር በርካሽ የሚሸጥ፣ በመዳፍ የሚያዝ፣ ፊቱ ላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራ መቆጣጠሪያ ነው። በውስጡ ሁለት ሪሌ አለ፤ አንዱ ማሞቂያን፣ ሌላው ማቀዝቀዣን ያበራል፣ ያጠፋል። በሽቦ ጫፍ የተንጠለጠለው ሴንሰር ከ-50 እስከ 99 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያነባል። ማስተካከያዎቹ አራት ናቸው። ኤፍ1 የምንፈልገው ሙቀት ነው። ኤፍ2 ያ የሚዘለለው ሁለተኛ ቁጥር፣ የዛሬው ጉዳያችን ነው። ኤፍ3 የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ጠፍቶ እንደገና እስኪነሣ የሚቆይበት ደቂቃ ነው። ኤፍ4 የሴንሰሩን ስሕተት ማረሚያ ነው።

ኤፍ2 ባይኖር ምን ይመጣል? መቆጣጠሪያው የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። 37.7 ላይ አጥፋ፣ ከዚያ በታች አብራ ብንለው፣ 37.6 ባየ ቅጽበት ያበራል፤ 37.7 ሲነካ ያጠፋል፤ ወዲያው እንደገና ያበራል። ሪሌው ቀጭ ቀጭ ሲል ይውላል። በእያንዳንዱ ቀጭታ ደግሞ በውስጡ ባሉት ሁለት የብረት ነጥቦች መካከል ትንሽ ብልጭታ አለ፤ ብልጭታው ብረቱን ይበላዋል። የተለመደ ሪሌ ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ 100,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ ታስቦ ይመረታል። ብዙ ይመስላል። በየደቂቃው አንድ ጊዜ ቢበራ ግን በቀን 1,440 ጊዜ ነው፤ 70 ቀን ሳይሞላ አለቀ። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ስለሚፈለፈል፣ መሣሪያው ሦስት ዙር አስፈልፍሎ ጡረታ ይወጣል ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲታገስ ይነገረዋል። ኤፍ2 0.5 ከሆነ ማሞቂያው 37.7 ላይ ይጠፋል፤ ሙቀቱ ወደ 37.6፣ 37.5፣ 37.4 ሲወርድ መቆጣጠሪያው እያየ ዝም ይላል፤ 37.2 ሲደርስ ያበራል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሣጥኑ ውስጥ 37.5 ነው፤ ማሞቂያው በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ቁጥሩን ብቻ አይቶ መመለስ አይቻልም። ሙቀቱ እየወጣ ከሆነ በርቷል፣ እየወረደ ከሆነ ጠፍቷል። አሁን የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም ማወቅ ግድ ነው።

ሂስተሪሲስ የሚለው ስም የመጣውም ከዚህ ጠባይ ነው። ቃሉን ለሳይንስ የሰጠው እስኮትላንዳዊው ጄምስ አልፍሬድ ዩዊንግ ነው፤ ጊዜው 19ኛው መቶ ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ ያጠና የነበረውም ማግኔት ነው። ብረት ማግኔት እየሆነ ሄዶ ሲመለስ በሄደበት መንገድ አይመለስም፤ ወደ ኋላ ይቀራል። ዩዊንግ ለዚህ መቅረት ከግሪክኛ ቃል ወሰደ፤ የቃሉ ፍቺ ወደ ኋላ መቅረት፣ መዘግየት ነው።

ታዲያ ለምን «መዘግየት» ብለን አንገላገልም? ምክንያቴ ኮምፕሬሰሩ ነው። እዚያው መሣሪያ ላይ፣ በቁጥር አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ፣ እውነተኛው መዘግየት ተቀምጧል፤ ኤፍ3። ፍሪጅ ሲጠፋ በቧንቧዎቹ ውስጥ የነበረው የጋዝ ግፊት እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ኮምፕሬሰሩን ማስነሣት ሞተሩን በግፊት ላይ መግፋት ነው፤ መነሣት ያቅተዋል፣ ከልኩ በላይ ይስባል፣ ይግላል፣ ሲደጋገምም ይቃጠላል። ፋብሪካው ኤፍ3ን 3 ደቂቃ አድርጎ የሚልከው ለዚህ ነው። እንግዲህ ኤፍ2ም ኤፍ3ም «መዘግየት» ቢባሉ፣ አንዱ በዲግሪ ሌላው በደቂቃ የሚለካ መሆኑን የሚያውቀው መመሪያውን የጻፈው ሰው ብቻ ይሆናል። 3 ዲግሪ የሚሞላበት ላይ 3 ደቂቃ መስሎት የሞላ ባለ መፈልፈያ፣ ማሞቂያው እስኪበራ እንቁላሎቹን 34.7 ድረስ ያቀዘቅዛቸዋል።

«ልዩነት»ም አይበቃም፤ ኤፍ4ም ልዩነት ነው፣ ሴንሰሩ ባነበበውና በእውነቱ መካከል ያለው። በእንግሊዝኛ አንዳንዶች የሚሉትን ወስዶ «የሞተ ክልል» ማለትም ይቻል ነበር፤ በአማርኛ ግን ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ ይመስላል። እኔ የማቀርበው «የመታገሻ ክፍተት» የሚለውን ነው። ክፍተት ሁለት ዳር እንዳለው ይናገራል፤ አንዱ የማጥፊያ፣ ሌላው የማብሪያ። መታገሻ የሚለው ደግሞ በሁለቱ መካከል መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ይነግራል። በሥራ ላይም አያስቸግርም፤ ሠራተኛው ባልደረባውን «መታገሻውን ስንት አደረግከው?» ቢለው ሌላ ማብራሪያ አያሻም።

ቀልድ በሚመስል አጋጣሚ፣ በታሪክ ከሚታወቁት ቀደምት ራስ በራስ ሙቀት መቆጣጠሪያዎች አንዱም ለእንቁላል መፈልፈያ የተሠራ ነው። ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ሆኖ የሠራው ምድጃ ነበር። አልኮል ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሜርኩሪን ይገፋል፣ ሜርኩሪው የአየር መግቢያውን ክዳን ይዘጋል፤ እሳቱ ይቀዘቅዛል። የድሬበል ክዳን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ የመታገሻ ክፍተት አላስፈለገውም። ክፍተቱ የመጣው ከማብራትና ከማጥፋት በቀር መካከለኛ ከማያውቅ ማብሪያ ጋር ነው። ዛሬም ፒአይዲ የሚባሉት ውድ መቆጣጠሪያዎች የማሞቂያውን ኃይል እየመጠኑ ስለሚሰጡ ወደ ድሬበል አሠራር ይቀርባሉ።

ኤፍ2ን ስንት ማድረግ ይሻላል? ኤስቲሲ-1000 ከ0.3 እስከ 10 ይፈቅዳል። ለመፈልፈያ 0.3 ወይም 0.5 ጥሩ ነው። ከዚያ ማጥበብ ቢቻልም አይጠቅምም፤ ማሞቂያው ከጠፋ በኋላ ትኩስ ሆኖ ስለሚቆይ የሣጥኑ አየር 37.7 አልፎ ጥቂት ይወጣል፣ ሲበራም እስኪግል ድረስ ጥቂት ይወርዳል። እንቁላሉ ራሱ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የአየሩ ትንሽ ውጣ ውረድ እስከ ፅንሱ አይዘልቅም። ፅንሱን የሚጎዳው ቀኑን ሙሉ ከልኩ በአንድ ዲግሪ ርቆ መዋል ነው። ለፍሪጅ ግን 2 ዲግሪ ያህል መስጠት ይገባል፤ 0.3 ኮምፕሬሰሩን ያለ ዕረፍት ያሠቃየዋል። ኤፍ1ን 2.5፣ መታገሻውን 2 ካደረግን ኮምፕሬሰሩ 4.5 ላይ ተነሥቶ 2.5 ላይ ያቆማል። በዚህ መሣሪያ ክፍተቱ ከተሞላው ቁጥር በአንድ ወገን ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ለማሞቂያ ከበታች፣ ለማቀዝቀዣ ከበላይ። ሌሎች መሣሪያዎች በሁለቱም ወገን ያካፍሉታልና መመሪያቸውን ማየት ነው።

ወደ ኤፍ4 እንምጣ። ማሳያው ላይ ያለችው ከነጥብ በኋላ የምትመጣ ቁጥር ሰውን ታታልላለች። መሣሪያው 0.1 ዲግሪ ይቆጥራል እንጂ አምራቹ የሚያረጋግጠው እስከ 1 ዲግሪ ሊሳሳት እንደሚችል ነው። ለፍሪጅ ግድ የለም፤ ለእንቁላል ግን 1 ዲግሪ ብዙ ነው። ስለዚህ መፈተሽ ያስፈልጋል። ብዙ መመሪያ ሴንሰሩን በፈላ ውኃ ውስጥ ከትቶ 100 ማንበቡን ማረጋገጥን ይመክራል። ይህ ምክር የተጻፈው ከባሕር ጠለል ብዙ ለማይርቅ አገር ነው። 2,300 ሜትርን በሚያልፈው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምክሩን እንዳለ የተከተለ ሰው በደኅናው ሴንሰር ላይ 8 ዲግሪ የሚሆን ስሕተት ይጨምርበታል። በረዶና ውኃ የተደባለቀበት ብርጭቆ ይሻላል፤ ከፍታው ምንም ቢሆን 0 ነው። ለመፈልፈያ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ትኩሳት መለኪያ ነው፤ የተሠራው ልክ እኛ ለምንፈልገው ሙቀት ነውና። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ የሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን ይዞ እያማሰሉ ማንበብ ነው። ትኩሳት መለኪያው 37.5፣ ሴንሰሩ 36.9 ካለ ኤፍ4 ላይ 0.6 ይሞላል።

ሽቦ ማገናኘቱን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማሠራት ይመረጣል፤ ለሚያሠራም ቢሆን ማወቅ ያለበት አለ። ኤስቲሲ-1000 የ12፣ የ24፣ የ110ና የ220 ቮልት ተብሎ ይመረታል፤ መልካቸው አንድ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የ110 ቮልቱ ሊሆን ይችላልና ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ 220 ላይ መሰካት መሣሪያውን መሠዋት ነው። የማሞቂያውና የማቀዝቀዣው መውጫዎች በራሳቸው ኤሌክትሪክ አይሰጡም፤ እንደ ግድግዳ ማብሪያ መስመሩን ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ። የሚቆረጠው ፌዙ መሆን አለበት። ኒውትራሉ ከተቆረጠ ማሞቂያው ይጠፋል፣ ኤሌክትሪኩ ግን ውስጡ ይቀራል። ያም ሆኖ በአገራችን የተለመደው ባለሁለት እግር ክብ ሶኬት ተገልብጦም ስለሚሰካ፣ ፌዙ የት እንዳለ በመመሪያው ሥዕል ብቻ መተማመን አይቻልም። ክዳን ከመክፈት በፊት ከሶኬት መንቀል ግድ ነው።

ሪሌው የሚችለው 10 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት 2,200 ዋት። ለአምፖልና ለትንሽ ማሞቂያ ይተርፋል። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ በቀጥታ አይገናኝም፤ ከባድ ጭነት የሚችል ማብሪያ፣ ኮንታክተር፣ መሀል መግባት አለበት። ኮምፕሬሰርም ሲነሣ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባልና በስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አምፔር ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል።

አሁን ዋናው ስጋት። የሴንሰሩ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ሁለቱ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ቢነካኩ ኤስቲሲ-1000 ያውቃል፤ ሁለቱንም ሪሌ አጥፍቶ ይጮኻል። ሁለት ነገር ግን አያውቅም። አንደኛው ሴንሰሩ ከሣጥኑ ተንሸራትቶ ወለል ላይ መውደቁ ነው። የክፍሉን 22 ዲግሪ እያነበበ ሣጥኑ ቀዝቅዟል ብሎ ያምናል፤ ማሞቂያውንም አያጠፋም። ስለዚህ ሴንሰሩ በእንቁላሎቹ ከፍታ፣ ከማሞቂያው ራቅ ብሎ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ በደንብ መታሰር አለበት፤ በፕላስተር የተለጠፈ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል። ሁለተኛው የሪሌው ነጥቦች በብልጭታ ቀልጠው መጣበቃቸው ነው። ማሳያው አጥፍቻለሁ ይላል፣ ማሞቂያው ግን እንደበራ ነው። ጠባብ መታገሻ ይህን ቀን ያፋጥናል።

ከሁለቱም የሚያድነው ከመቆጣጠሪያው ጋር የማይገናኝ ሌላ መቁረጫ ነው። ሙቀት ሲበዛበት መስመሩን የሚቆርጥ ክብ የብረት ቴርሞስታት፣ ለምሳሌ 45 ዲግሪ ላይ የሚቆርጥ፣ ከማሞቂያው ጋር በአንድ መስመር ተገናኝቶ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። ማሞቂያው አጠገብ ደግሞ ተርማል ፊውዝ ቢጨመር ደግ ነው። እነዚህ እንቁላሉን አያድኑም፤ 45 ዲግሪ ላይ ፅንሱ አብቅቶለታል። የሚያድኑት ቤቱን ነው። መቆጣጠሪያው ራሱ ከሣጥኑ ውጭ ይሁን፤ ውስጥ የውኃ ሳህን አለና እንፋሎቱ ለኤሌክትሮኒክስ አይመችም። ሣጥኑ ቆርቆሮ ከሆነ ኤርዝ ይታሰርለት። እንቁላል ሳይገባበት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሰው ባለበት ተሞክሮ፣ ትኩሳት መለኪያውም ተደጋግሞ ታይቶ ነው ወደ ሥራ የሚገባው።

መብራት ሲጠፋ የተሞሉት ቁጥሮች አይጠፉም፤ ሲመለስ መቆጣጠሪያው ካቆመበት ይቀጥላል። ፍሪጁ ወዲያው ባይነሣ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ የኤፍ3ን ደቂቃ እየጠበቀ ነው፣ መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ሰፈርም ኮምፕሬሰሩን የሚያተርፈው ይኸው ጥበቃ ነው። ለመፈልፈያው ደግሞ ዋናው ነገር ክዳኑን አለመክፈት ነው፤ በደንብ የተሸፈነ፣ እንቁላል የሞላበት ሣጥን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። መብራት ሲመጣ ማሳያው 33 ቢል ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ለማካካስ መሞከር አይገባም። ኤፍ1ም ኤፍ2ም ባሉበት ይተዉ፤ ማሞቂያው ሳያቋርጥ በርቶ 37.7 ላይ ራሱ ይጠፋል።