የሳሎኑ ሣጥን ተመልሶ መምጣት

በጅማ ከተማ፣ በጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ፣ ለሳሎኑ ሙዚቃ አምፕሊፋየር በውስጡ የያዘ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚመርጥ ሰው አዲስ ነገር የሚገዛ ይመስለዋል። አሳቡ ግን የቆየ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ የግራሞፎኑን ድምፅ የሚያጎላው መለከቱ ብቻ ነበር። ኋላ የመጣው የቫልቭ ሬዲዮ አምፕሊፋየሩንና ድምፅ ማጉያውን በአንድ የእንጨት ሣጥን አጣመረ። አምኃ እሸቴ በ1969 አምኃ ሪከርድስን አቋቁሞ ያሳተማቸው ሸክላዎች፣ ከዚያም በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላን የተካው ካሴት በየሳሎኑ የተደመጡት በአመዛኙ በዚሁ ዓይነት ሣጥን ነው። ሁለቱን ለይቶ በሽቦ ማገናኘት የባለጸጋ ቤት ልማድ ነበር።

እንግዲህ የሚመረጠው በዋት ብዛት አይደለም፤ ኃይሉ እጥፍ ቢሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ሻጩ ይህን ባይናገርም። ዋናው ነገር ክፍሉ ነው። ሣጥኑ ወደ ማዕዘን በተጠጋ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፤ ባዶ የብሎኬት ግድግዳ ያስተጋባል፣ መጋረጃና ምንጣፍ ግን ያለዝባሉ።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። የድሮውን ሬዲዮ ጠጋኙ ጀርባውን ከፍቶ፣ የተቃጠለውን ቫልቭ በሌላ ይተካ ነበር። በዛሬው ሣጥን አምፕሊፋየሩ በመብራት መዋዠቅ ከተቃጠለ፣ ደኅናው ድምፅ ማጉያም አብሮት ይጣላል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ከድምፁ አስቀድሞ መለዋወጫውን ይጠይቃል፤ ስታቢላይዘሩንም በዚያው ዕለት ይገዛል።