የመጀመሪያው ኅትመት ምስክርነት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ተከዜ የሚያመራው መንገድ፣ ደባርቅን እንዳለፈ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በዚሁ ገደል አፋፍ፣ በወልቀፊት በር ላይ መሽጎ የነበረው የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር፣ በአርበኞችና በእንግሊዝ ሠራዊት ተከቦ ለወራት ከቆየ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በኅዳር ወር ጎንደር ነጻ ወጣች። ቀደም ሲልም በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጊና ጠላትን ድል መትቶ ነበር። የስሜን ግርጌ እንግዲህ የጦርነቱን መግቢያም መውጫም ያየ ምድር ነው።

ይህ ታሪክ ወደ መጽሐፍ የገባበት ጊዜ ግን እንደ ጸሐፊዎቹ ወገን እጅግ የተለያየ ነው። የወራሪው ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ የጦርነቱን ታሪክ ሙሶሊኒ በጻፈለት መቅድም አስጊጦ ያሳተመው ጦርነቱ በተካሄደበት በእ.ኤ.አ. 1936 ነው። በኢትዮጵያ በኩል ሆኖ ሁኔታውን የተከታተለው የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ወኪል ጆርጅ ስቲርም መጽሐፉን በዚያው ዓመት አወጣ። በአንጻሩ ጎንደሬ አርበኞችን የሚዘክረው የገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የታተመው በ1949 ዓ.ም. ነው። ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው በኋላም በኢጣሊያ የታሰሩት ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»ን ለአንባቢ ያቀረቡት በ1985 ዓ.ም. ሲሆን፣ የራስ እምሩ የራሳቸው «ካየሁት ከማስታውሰው» ግን እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። ድል አድርጌአለሁ ያለው ወዲያው ሲናገር፣ አገሩን የተከላከለው ከሃያ እስከ ሰባ ዓመትና ከዚያም በላይ ጠበቀ ማለት ነው።

የእነዚህ መጻሕፍት የመጀመሪያ ኅትመት ዋጋም ከዚህ ይመነጫል። በውጭው ዓለም ሰብሳቢዎች ጥንታዊ የጦር ትዝታዎችን በቆዳና በወርቅ ቅብ አስጠርዘው ያሰባስባሉ፤ ብዙውን ጊዜም የሚፈለገው ውበቱና ብርቅነቱ ነው። በእኛ ዘንድ ግን በርዕስ ገጹ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረትና የማተሚያ ቤቱ ስም ራሳቸው የታሪክ ሰነድ ናቸው፤ ምስክሩ መቼ ለመናገር እንደቻለ ያስረዳሉና። ከዚያ የኋለኛው ኅትመት የታረመ፣ የተጨመረበት ወይም የተቀነሰለት ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው ፊተኛው ከኋለኛው ጋር ጎን ለጎን ሲቀርብ ብቻ ነው።

መጽሐፍን አሳምሮ መጠረዝ ለዚህ ምድር እንግዳ ሙያ አይደለም። የብራና ጥራዝ በእንጨት ገበታ መካከል ገብቶ፣ ቀይ ቆዳ ለብሶ፣ በጋለ ብረት የሐረግና የመስቀል ድጉስ ታትሞበት፣ በማኅደር ተከቶ መኖር የቆየ ልማድ ነው። ደጓሹ ለውበቱ የተጠበበውን ያህል ዋና ዓላማው መጽሐፉ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲሻገር ነበር። የወረቀት ልባስ ያላቸው የአማርኛ የጦር ትዝታዎችም ይኸው ጥበቃ ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ጥበቃ ሲባል አሮጌውን ልባስ ቀዶ መጣል፣ ኅዳጉን ከርክሞ ማስተካከል ማለት አይደለም። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የሰፈረ የአንድ አዛውንት እርማት፣ በውስጥ ልባሱ ላይ ያለ የባለቤትነት ጽሑፍ ከወርቁ ቅብ ይበልጣል። ጥሩ ጠራዥ የቀድሞውን ልባስ ከአዲሱ ቆዳ ሥር ይዞ ያቆየዋል።

ለደባርቅና ለዳባት መምህራንና አንባብያን ጉዳዩ ይበልጥ የቀረበ ነው። በገጹ ላይ የሰፈረውን የበርና የወንዝ ስም በእግራቸው ሄደው ከመሬቱ ጋር ማመሳከር ይችላሉ። ስለዚህ መጽሐፉ በአዲስ አበባ መደርደሪያ ብቻ ሳይሆን በወረዳ ቤተ መጻሕፍትም ሊገኝ ይገባዋል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት ዳግም እስከ ዳባት ገጠሮች ደርሷል፤ ያን ጊዜ ያየው ሰው ዛሬ በሕይወት አለ። የአባቶች ምስክርነት ለኅትመት ሰባ ዓመት መጠበቁ ትምህርት ከሆነ፣ የዚህ ትውልድ የመጀመሪያ ኅትመት እንዲህ መዘግየት የለበትም።