ሙታንን ስለማናገር

በዓለም ከተማ ዙሪያ ባለው የመርሐቤቴ አገር፣ እንዲሁም በመንዝና በግሼ፣ ስመ ጥር ሰው ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው በለቅሶው መካከል ይወጣል፤ አልቃሿም ሙያውን እየጠራች፣ አንዳንዴም እርሱን ሆና እየተናገረች ታስለቅሳለች። ቃሉ የእርሷ እንጂ የሟቹ አለመሆኑን የማያውቅ ለቀስተኛ የለም። ይህ የታወቀ ልማድ ዛሬ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል፤ ጥቂት የድምፅ ቅጂ የተሰጠው ኮምፒዩተር ሟቹን ከቶ ያልተናገረውን በገዛ ድምፁ ሊያናግረው ይችላልና። በቻይናና በአሜሪካ ይህን ለሐዘንተኞች የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ።

ነገሩ በአገራችን ታሪክ ውስጥ መነሻ አለው። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ በሸዋ አንጎለላ ለተወለዱት ለዳግማዊ ምኒልክ በፎኖግራፍ ሰም ላይ የተቀረጸ ድምፃቸውን ላኩ። ከተደመጠ በኋላ ሰሙ እንዲሰበር አስቀድመው አዘው ነበርና ተሰበረ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዐይነት ሰም የላኩት መልስ ግን ተረፈ፤ እየተገለበጠ ዛሬ በኢንተርኔት ማንም ያደምጠዋል። ንግሥቲቱ ምን እንደ ፈሩ ለመገመት አያዳግትም፤ የንጉሥ ድምፅ ከአንደበቱ ከተለየ ለማንም መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሥጋት ከንቱ አልነበረም። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሊነጋገሩ ይችላሉ ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ያልተናገሩትን ቃል በአፋቸው ማግባት በሕይወት ሳሉ እንኳ እስከ ዓድዋ አድርሷል። ኋላም በ1902 ዓ.ም. በጽኑ ሕመም ሲወድቁ መንግሥት በስማቸው ይካሄድ ጀመር፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። በዝምተኛ ንጉሥ ስም መናገር ለሹማምንቱ ምቹ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ስሙ ብቻ ሳይሆን ድምፁም ይገኛል።

ሕግ በዚህ ረገድ ብዙ አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ደንብ እንኳ ሟቾችን አይመለከትም፤ ጉዳዩን ለአባል አገሮች ትቶታል። ስለዚህ ኃላፊነቱ ቅጂውን በያዘው ቤተ መዛግብት ላይ ይወድቃል። መጠበቅና ማስደመጥ ተገቢ ነው። ከዚያ ድምፅ አዲስ ንግግር የሚያወጣ ሰው ግን፣ እንደ አልቃሿ፣ ተናጋሪው ራሱ መሆኑን በግልጽ ማስታወቅ ይገባዋል፤ ምኒልክ ያንን ሰም ሲያናግሩ መልእክታቸው ለአንዲት ንግሥት ነበርና።