ሰውና ማሰሻ፦ የኩኪ አጭር ታሪክ ከጋራ ኮምፒውተር አንጻር

የዛሬው ርዕሴ በሰርቨር በኩል የሚሠራ ድረ ገጽ የጻፈ ተማሪ ሁሉ በአንድ መስመር ኮድ የሚያልፈው ነገር ነው፤ ኩኪ። መስመሩ አጭር በመሆኑ ታሪኩም አጭር ይመስለናል። ነገር ግን ኩኪ ሲፈጠር ስለ ተጠቃሚው ማንነት አንድ ግምት ተይዞ ነበር፤ አንድ ማሰሻ ማለት አንድ ሰው ነው የሚል። ይህ ግምት እዚህ ወልቂጤ፣ የብዙ ሰው እጅ በሚፈራረቅበት ኮምፒውተር ፊት፣ ብዙ ጊዜ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። የምናገረው ስለዚያ ግምት አመጣጥና ስላስከተለው ጣጣ ነው። የውጭውን ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በዓመተ ምሕረት እጠቅሳለሁ።

ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማእከል ድርን ሲዘረጋ፣ ኤችቲቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ትውስታ የሌለው ሆኖ ነበር የተሠራው። ማሰሻው ገጽ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይሰጣል፣ ነገሩ ያበቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከቀደመው ጋር ዝምድና የለውም። ተመራማሪዎች የጥናት ጽሑፍ ለሚለዋወጡበት ሥራ ይህ ጉድለት ሳይሆን በጎ ጎን ነበር፤ ሰርቨሩ ማንንም ማስታወስ ስለማይገባው ቀላልና ፈጣን ሆኗል። ችግሩ የመጣው ነጋዴው ሲመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፕ ደንበኛ የነበረው ኤምሲአይ የተባለ የቴሌኮም ኩባንያ በድር ላይ መደብር ለመክፈት አሰበ። ገዢው ዕቃ እየመረጠ ሳለ ያልተጠናቀቀውን ግዢ ግን በራሱ ሰርቨሮች ላይ መያዝ አልፈለገም። የኔትስኬፕ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ መልስ ያገኘው በዩኒክስ ፕሮግራመኞች ዘንድ ከቆየ ልማድ ነው። አንድ ፕሮግራም ለሌላው ትንሽ መለያ ይሰጣል፣ ተቀባዩም ሳይከፍተው መልሶ ያቀርበዋል፤ ይህን መለያ «አስማተኛ ኩኪ» ይሉት ነበር። ሞንቱሊ ከጆን ጃናንድሪያ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን መግለጫ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የወጣው የኔትስኬፕ የሙከራ ቅጂም ኩኪን ይዞ ወጣ። የመጀመሪያ አገልግሎቱ እጅግ ትሑት ነበር፦ የኩባንያውን ድረ ገጽ የሚጎበኝ ሰው ከዚህ በፊት መጥቶ እንደሆነ ማወቅ።

ነገሩን በእኛ ሰፈር ቋንቋ ላስረዳ። በልጅነቱ በዱቤ ዕቃ እንዲያመጣ ሱቅ ያልተላከ እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። ባለሱቁ መልክ ይለያል፣ የእናታችሁን ስም ያውቃል፣ በዱቤ ደብተሩም ይጽፋል። አሁን ባለሱቁ ደንበኛው ከደጁ በወጣ ቁጥር መልኩን የሚረሳ ሰው ቢሆንስ? ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ዕዳውን ራሱን በወረቀት ጽፎ ለደንበኛው ማስያዝ ነው፤ ያኔ «መቶ ብር» የተባለው መንገድ ላይ «ዐሥር ብር» ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው በወረቀቱ ላይ ቁጥር ብቻ ጽፎ ሂሳቡን በራሱ ደብተር መያዝ ነው። የፕሮግራም መምህራን «ከተጠቃሚ የመጣን መረጃ አትመኑ» እያልን የምንደጋግመው ትምህርት ከዚህ ልዩነት ይነሳል። የኩኪ ታሪክም በአብዛኛው ከመጀመሪያው መንገድ ወደ ሁለተኛው የተደረገ ጉዞ ነው።

ጉዞው ያለ ጭቅጭቅ አልተካሄደም። ሕዝቡ ስለ ኩኪ የሰማው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ፋይናንሻል ታይምስ ጋዜጣ ስለ ጉዳዩ ከጻፈ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ማሰሻው ማንንም ሳይጠይቅ ሲያስቀምጠው ቆይቷል። በዓመቱ፣ በየካቲት 1997፣ ዴቪድ ክሪስቶልና ሞንቱሊ ያዘጋጁት የመጀመሪያው መደበኛ ሰነድ ወጣ። ሰነዱ ተጠቃሚው ካልጎበኘው ሌላ ድረ ገጽ የሚመጣ ኩኪ ወይ ፈጽሞ እንዳይፈቀድ፣ ወይ ተጠቃሚው ካልመረጠ በቀር እንዲዘጋ ይል ነበር። ኔትስኬፕም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም አልተከተሉትም። ማስታወቂያ ሻጮቹ ያሸነፉት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የክትትል ታሪክ በሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ለእኛ የሚገርመው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ለሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት የከፈተችው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው፤ ሰነዱ ከመውጣቱ በሳምንታት ልዩነት። ወደ ድር የገባነው ሕጉ በሚጻፍበት ወቅት ነበር፤ የተጻፈው ግን በየጠረጴዛው የግል ኮምፒውተር ላለበት ኅብረተሰብ ነው። በእኛ አገር ለብዙ ዓመታት ድር ማለት የኢንተርኔት ካፌ፣ የመሥሪያ ቤት አንድ ማሽን፣ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ማለት ሆኖ ቆየ። አንድ ማሰሻ፣ በቀን ሠላሳ ሰው።

ከዚህ በፊት አንድ ትንሽ ወሬ ልጨምር፤ ፊደላችንን የሚነካ ስለሆነ ነው። የኩኪ ይዘት በአስኪ ፊደላት ብቻ እንዲጻፍ ነው የተደነገገው፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ከኩኪ 5 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ «ወልቂጤ» የሚለውን ስም በኩኪ ለማስቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 3 ባይት፣ እያንዳንዱም ባይት ወደ 3 የአስኪ ምልክት ይለወጣል። ባለ 4 ፊደሉ ስም 36 ምልክት ይሆናል። የአንድ ኩኪ ወሰን በተለምዶ 4096 ባይት በመሆኑ፣ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ከአንድ ገጽ በላይ የሚበቃው ቦታ ለአማርኛ 455 ፊደል ገደማ ብቻ ይይዛል። የተጠቃሚን ስምና አድራሻ በአማርኛ ኩኪ ውስጥ ሲጠቀጥቅ የቆየ ተማሪ አንድ ቀን መረጃው ለምን እንደጠፋ የማይገባው በዚህ ነው። ቀድሞም እዚያ መቀመጥ አልነበረበትም።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፒኤችፒ 4 ሴሽንን ከቋንቋው ጋር ሲያመጣ የባለሱቁ ሁለተኛ መንገድ ለሁሉም ተዳረሰ። በኩኪው ውስጥ የሚገባው ለመገመት የሚያዳግት ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ሂሳቡ ሰርቨሩ ዘንድ ቀረ። የዱቤውን ወረቀት መሰረዝ መደለዝ አበቃ። ሆኖም ወረቀቱን የያዘ ሁሉ የወረቀቱ ባለቤት ተደርጎ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤሪክ በትለር ፋየርሺፕ የተባለውን መሣሪያ ይፋ ሲያደርግ፣ ባልተመሰጠረ ዋይፋይ ላይ የሌላን ሰው ቁጥር መልቀም ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ዓለም አየ፤ ታላላቆቹ ድረ ገጾች ሙሉ ምስጠራ ወደ መጠቀም እንዲቸኩሉ ከገፏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። በጋራ ኮምፒውተር ፊት ግን ማንም ምንም መልቀም አያስፈልገውም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ተማሪ ሳለሁ በአንድ የኢንተርኔት ካፌ፣ ስሙን አላነሳም፣ ተራዬን ስጠብቅ መብራት ጠፋ። ከፊቴ የነበረችው ልጅ ትንሽ ጠብቃ ሂሳቧን ከፍላ ሄደች። መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ማሰሻው በድንገት እንደተዘጋ ገልጾ የነበሩትን ገጾች ልመልስ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳላስብ «አዎ» አልኩ። የልጅቷ ኢሜይል ከነሙሉ መልእክቷ ፊቴ ተከፈተ። ቶሎ ዘጋሁት፤ ነገር ግን እኔ ባልዘጋውስ?

ያኔ ምክንያቱን አላወቅሁም። የማብቂያ ጊዜ ያልተጻፈለት ኩኪ ማሰሻው ሲዘጋ እንደሚጠፋ መጻሕፍቱ ይነግሩናል፤ ማሰሻዎች ግን ከድንገተኛ መዘጋት በኋላ ገጾቹን ሲመልሱ እነዚህንም ኩኪዎች ይመልሳሉ። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ከተማ ድንገተኛ መዘጋት ብርቅ ነገር አይደለም፤ የሳምንቱ ልማድ ነው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ «ውጣ» የሚለውን ለመጫን መብራት አልነበረም።

እንግዲህ ኃላፊነቱ ወደ ሰርቨሩ ይመለሳል፤ እዚህም ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ዝርዝር አለ። ፒኤችፒ የሴሽን ዕድሜን በነባሪ ቅንብሩ 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ይለዋል። ተማሪዎቼ ይህን አንብበው «ከ24 ደቂቃ በኋላ በራሱ ይዘጋል» ይሉኛል። አይዘጋም። ያ ቁጥር መዝገቡ እንደ ቆሻሻ ሊጠረግ የሚችልበትን ጊዜ እንጂ የሚጠረግበትን ጊዜ አይናገርም፤ ጠራጊው በነባሪው ቅንብር የሚነሳው ሴሽን ከከፈቱ መቶ ጥያቄዎች በአማካይ በአንዱ ነው። ጎብኚ በሚያንሰው የመምሪያ ድረ ገጽ ላይ የቆየ ሴሽን ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን እንቅስቃሴ ሰዓት በሴሽኑ ውስጥ ራሳችሁ መዝግቡ፣ በየጥያቄው አወዳድሩ፣ ካለፈ አጥፉ።

መውጫውም እንዲሁ ነው። ኩኪውን ከማሰሻው ማጥፋት ወረቀቱን መቅደድ ነው፤ ደብተሩ ላይ ያለው ገጽ አልተነካም፤ ቁጥሩን የገለበጠ ሰው ካለ ይገባበታል። መዝገቡን በሰርቨሩ ላይ ማጥፋት ይቅደም፣ ኩኪው ይከተል። ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ባስገባ ቅጽበት ደግሞ አዲስ ቁጥር ይሰጠው፤ አለዚያ ከእርሱ በፊት በዚያው ኮምፒውተር የተቀመጠ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ቁጥር ይዞ ሊጠብቀው ይችላል። ገጾቹም በማሰሻው እንዳይቀመጡ በመልሱ ራስጌ መከልከል አለባቸው፤ የውጤት ገጽ «ተመለስ» የሚለውን ቀስት በመጫን ብቻ ከወጣ በኋላ ሲታይ በዓይኔ አይቻለሁ። በላብራቶሪ ውስጥ አንድ ተማሪ የሌላውን ውጤት ቢያይ፣ ወይም በሌላው ስም የትምህርት ምዝገባ ቢሰርዝ፣ ባለጉዳዩ ወደ ሬጅስትራር ሄዶ «እኔ አይደለሁም» ማለቱ አይጠቅመውም። መዝገቡ እርሱ ነው ይላልና።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልበል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል፤ የፈቃድ ጉዳይም ከእንግዲህ የሕግ ጉዳይ ነው። ከአውሮፓ የተዋስነው «ኩኪ እንቀበል?» የሚለው ሰሌዳ ግን ራሱ ምላሹን የሚያስታውሰው በኩኪ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የመጣው የመጀመሪያው ተጠቃሚ «እስማማለሁ» ካለ፣ ከእርሱ በኋላ በዚያ ወንበር ለሚቀመጡት ሁሉ ተስማማላቸው ማለት ነው። ይህ ፈቃድ የማን ፈቃድ ነው? የሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው አያቸዋለሁ፤ ጥያቄውን ለእነርሱ ትቼ መድረኩን እለቃለሁ።