«ድናችኋል» የተባሉት ሕፃናት ካደጉ በኋላ

ኖቬምበር 29 ቀን 1944 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለአንዲት የ15 ወር ሕፃን የተደረገው የልብ ቀዶ ሕክምና በሕክምና ታሪክ ዐቢይ ስፍራ አለው። ሐሳቡን ያመነጩት የሕፃናት የልብ ሐኪም ሔለን ታውሲግ፣ ቀዶ ሕክምናውን ያከናወኑት አልፍሬድ ብላሎክ፣ ዘዴውን በቤተ ሙከራ የፈተኑት ደግሞ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡት ቪቪየን ቶማስ ነበሩ።

በ1950ዎቹ ልብን ከፍቶ ማረም ሲቻል፣ ቀድሞ በልጅነታቸው ይሞቱ የነበሩ ብዙዎች አደጉ፤ «ድናችኋል» ተብለውም ተሰናበቱ። ችግሩ የጀመረው ከዚሁ ቃል ነው። የፋሎ ቴትራሎጂ የታረመለት ልጅ የሳንባ ደም ቧንቧ ቫልቩ እያፈሰሰ ሊኖር ይችላል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የቀኙ የልብ ክፍል ይሰፋል፤ የልብ ምት መዛባት፣ አልፎ አልፎም ድንገተኛ ሞት ይከተላል። በዚያን ጊዜ ወጣቱን የሚቀበለው የአዋቂዎች ሐኪም በዋናነት የሠለጠነው በልብ ደም ሥሮች መጥበብ ላይ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ በበኩሉ ስለ እርግዝና፣ ስለ ወሊድ መከላከያና ስለ ሥራ ምርጫ ማማከርን እምብዛም አልተማረም። ሁለቱም በየሙያቸው ብቁዎች ነበሩ፤ በመካከላቸው የነበረውን ክፍተት ግን ማንም አልተማረውም።

ክፍተቱን ቀድመው ያዩት ጥቂቶች ነበሩ። በቶሮንቶ ጆን ኢቫንስ በ1959 ልዩ ክሊኒክ ከፈቱ፤ በለንደን ጄን ሰመርቪል በ1975 ለእነዚሁ ወጣቶች የተለየ የመኝታ ክፍል አቋቋሙ። ሥልጠናው ግን ለረጅም ጊዜ ከእነዚህ መሰል ሊቃውንት አጠገብ ቆሞ ከመማር አላለፈም። በ2000 በአሜሪካ የተካሄደው የቤተስዳ ጉባኤ የእነዚህን አዋቂ ሕሙማን ቁጥር 800,000 ገደማ ገመተ። በ2002 ሦስት የሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ሐኪሞች ለዚህ ሽግግር የሚያስፈልገውን ዕውቀት እንዲይዙና ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው የጽሑፍ ዕቅድ እንዲዘጋጅለት አሳሰቡ። በዘርፉ የመጀመሪያው የአሜሪካ የስፔሻሊቲ ፈተና የተሰጠው በ2015 ነው፤ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና 71 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የሁለት ዓመቱ ሥልጠና ከሕፃናትም ሆነ ከአዋቂዎች የልብ ሕክምና ለሚመጡ ሐኪሞች ክፍት መሆኑ ተገቢ ውሳኔ ነበር።

በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2009 ነው። ያን ጊዜ በአምስት ዓመቱ የታከመ ሕፃን ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ ነው። የአዋቂዎች ተመላላሽ ክፍል ሲደርስ ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ራሱ መናገር መቻሉን፣ ማስረጃውም በእጁ መኖሩን ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቀው ይገባል።