በጎረቤት የተሳሉ ተረቶች

በናይሮቢ መሃል ከተማ ተሰባስበን ኢዮቤልዩአችንን ስናከብር፣ ልጆቻችን ያደጉባትን የዚህችን ከተማ አንድ ታሪክ እናስታውሳችሁ።

ለብዙ ዘመን ልጆቻችን የሚያዩት ካርቱን የአሜሪካ ወይም የጃፓን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን «ቲንጋ ቲንጋ ቴልስ» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም በቢቢሲ የሕፃናት ጣቢያ መታየት ጀመረ። 52 ክፍሎች ያሉት ይህ ሥራ እዚሁ ናይሮቢ፣ ሆምቦይዝ በተባለው ስቱዲዮ፣ ከለንደኑ ታይገር አስፔክት ጋር በመተባበር በኮምፒውተር ተዘጋጀ። የአሳሳል ስልቱ የታንዛኒያዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ሳይዲ ቲንጋቲንጋ ነው። ታሪኮቹም ዝሆን ኩምቢውን እንዴት እንዳገኘ የመሳሰሉ የአፍሪካ ተረቶች ናቸው።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2005 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው ዝግጅቱ አንዲት የአሻንጉሊት ቀጭኔ በአማርኛ እንድታስተምር አድርጓል።

ልጆቻችን የዝሆኑን ተረት በእንግሊዝኛ ያውቁታል፤ የጦጣንና የጅብን ተረት በአማርኛ ካልነገርናቸው ግን ከየት ይሰሙታል? ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን «ተረት ተረት» እንበላቸው። «የላም በረት» ብለው ይመልሱልን እንደሆነ እንስማ።

መልካም በዓል!