የቤት ሥራና የውርስ ሒሳብ

በቴፒም ሆነ በሚዛን ተፈሪ የቡና ለቀማ ሲደርስ ማታ ማታ ልጅ ደብተሯን ዘርግታ ከሒሳብ የቤት ሥራዋ ጋር ትታገላለች፤ አባት ደግሞ እዚያው ቤት የቀኑን ቡና ያሰላል። እሷ የምትማረው በኪሎ ነው፤ እሱ 17 ኪሎውን አንድ ፈረሱላ እያለ በቃሉ ይደምራል። (ፈረሱላ ራሱ ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር የመጣ መለኪያ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቅ ይሆን?) ሁለቱም አንድ ሥራ ላይ መሆናቸው ግን ትዝ አይላቸውም።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በባግዳድ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833) የአል-ጀብርን መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ዓላማው ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንግድና በመሬት ልኬት የሚቸገሩበትን ስሌት ማቅለል መሆኑን በመግቢያው ገልጿል። የመጽሐፉም ሰፊ ክፍል የኑዛዜና የውርስ ጥያቄ ነው። በ952 ገደማ ደግሞ አል-ኡቅሊዲሲ በደማስቆ፣ በአቧራ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠፋ የነበረው ስሌት በወረቀትና በቀለም እንዲሠራ አስተማረ። የአቧራውን ሰሌዳ በየመንገዱ የሚቀመጡ ኮከብ ቆጣሪዎች ስለሚይዙት አልወደደውም ነበር! ዛሬ መምህራን «አሠራሩን አሳዩ» የሚሉት በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት ስለሚመረመር ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። አንድ ሰው ሞተ፤ ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ 64 ፈረሱላ ጀንፈል ቡና ቀረ። ወራሾቹ ሚስቱ፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 11 እና 12 መሠረት ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 8 ፈረሱላ ይወጣል። የቀረው 56፣ ወንዱ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር፣ ለ4 ይካፈላል፦ ለእያንዳንዷ ሴት 14፣ ለወንዱ 28። ሲደመር 64 ይሞላል።

የልጅቷ መጽሐፍ ግን «አማካዩን ፈልጊ» ይላታል። 64 ለ4 ሲካፈል 16። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከወራሾቹ 16 የደረሰው አንድም የለም። አማካይ ስለ ጠቅላላው ይናገራል እንጂ የማን ሐቅ ስንት እንደሆነ አይነግረንም።

በእኛ ቡና አገር ቡናው በወንድሞች እጅ ቀርቶ እህት «ይኼ ይበቃሻል» ተብላ አንድ ኩንታል የምትሸኝበት ቤት አለ። አትከራከርም፤ ስሌቱን ያሳያት ሰው የለምና። 14 ፈረሱላ 238 ኪሎ ነው፤ ኩንታል 100 ኪሎ። ቀሪውን ልጅቷ ዛሬ ማታ በደብተሯ ትቀንሰውና ለአባቷ ታሳየው።